ቤዙን ከፍ አድርጉት

እንደምን አመሻችሁ?

ስለ አሜሪካዊው የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ስለ ቻርልስ ሚንገስ ሕይወት ዐሥር ደቂቃ ተናገር ተብዬ፣ እሺ ብዬ ነው የመጣሁት። ስገባ ግን በሩ ላይ የተለጠፈውን ፖስተር አየሁ። የሳክስፎኒስቱ ስም አለ። የፒያኒስቱም አለ። ቤዝ የሚጫወተውስ? «እና ሌሎችም» ይላል። የቤዝ ተጫዋች መታሰቢያ ምሽት ላይ! «ሌሎችም» እኔ ነኝ፤ ተዋወቁኝ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ወደ ሰውዬው ልሂድ።

ሚንገስ በ1922 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ ኖጋሌስ ተወለደ። ያደገው ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ ሰፈር ነው። መጀመሪያ ትሮምቦን ሞከረ፣ ከዚያ ቼሎ ያዘ። በዚያ ዘመን ጥቁር ልጅ ቼሎውን ተሸክሞ ኦርኬስትራ ልግባ ቢል ማን በር ይከፍትለታል? ጓደኛው ቡዲ ኮሌት ወደ ቤዝ አዞረው። ለፋበት። ከባንድ መሪዎቹ ከሉዊ አርምስትሮንግና ከላዮኔል ሃምፕተን ጋር ዞረ። ኑሮ ሲጠምምበት ደግሞ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል። አዎ፣ ሚንገስ! ፖስታ ቤት!

አሁን የመጣሁበትን ልንገራችሁ።

ግንቦት 15 ቀን 1953 እ.ኤ.አ.፣ ቶሮንቶ፣ ማሲ ሆል። መድረኩ ላይ ቻርሊ ፓርከር በሳክስፎን፣ ዲዚ ጊሌስፒ በትራምፔት፣ በድ ፓወል በፒያኖ፣ ማክስ ሮች በከበሮ፣ ሚንገስ በቤዝ። አምስቱ በአንድ መድረክ! ፓርከር የያዘው የፕላስቲክ ሳክስፎን ነበር። አዳራሹ ግን አልሞላም። የዚያኑ ምሽት የሮኪ ማርሲያኖና የጆ ዋልኮት ቦክስ ነበረ። ቦክሱ እንኳ አንደኛ ዙር ላይ አለቀ፤ ሰው ጃዙንም ቦክሱንም በቅጡ ሳያይ አመሸ። እና ኮንሰርቱ በቴፕ ተቀዳ። ሚንገስና ሮች ከዓመት በፊት ያቋቋሙት «ዴቡ» የሚባል የራሳቸው ሸክላ አሳታሚ ነበራቸው። ቴፑ ሲሰማ ትራምፔቱ አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ ከበሮው ይነጉዳል። ቤዙ ግን በጭንቅ ነው የሚሰማው! በዓለም ካሉት አንደኛ የሆነው ቤዚስት ሌሊቱን ሙሉ ጣቱ እስኪላጥ ጎትቶ፣ ማይኩ በቅጡ አልያዘውም።

ሚንገስ ምን አደረገ? ስቱዲዮ ገባ። ቴፑን እየሰማ የራሱን ቤዝ ደግሞ ተጫወተና ከላዩ አስቀዳው። ሸክላው በዚያ መልክ ወጣ። አንዳንዶች እስከ ዛሬ «ኮንሰርቱን በረዘው» ይሉታል። በረዘው? እሱ እኮ እዚያው ቆሞ ነበር! የራሱን ድምፅ ነው የመለሰው። ፓርከር እንኳ ከሌላ አሳታሚ ጋር በነበረው ውል ምክንያት ሽፋኑ ላይ በሐሰት ስም ወጥቶ ምንም አላላችሁም!

እናንተም አላችሁበት። ሳክስፎኑ ሶሎ ሲይዝ ጸጥ ትላላችሁ። ቤዙ ሲጀምር ወሬ ትጀምራላችሁ። «አሁን ምን እየተጫወተ ነው?» ተባብላችሁ ስልክ ታወጣላችሁ። ሚንገስ ቢሆን ሙዚቃውን አቁሞ ያፋጥጣችሁ ነበር፤ አድርጎታልም። ክፉ ነበር ይሉታል። ቁጡ ነበር፣ አልክድም፤ በዚያው በ1953 ከዱክ ኤሊንግተን ባንድ የተባረረው በጠብ ነው። ግን ዝም ቢል ማን ይሰማው ነበር?

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ የቀረውን ላሩጠው። በአሜሪካ ሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ በወታደር የከለከለውን አገረ ገዥ በሙዚቃ ተሳለቀበት። የዜማውን ግጥም ትልቁ ሸክላ አሳታሚ አልቀበልም ቢለው፣ በ1960 ሌላ ዘንድ ሄዶ አስቀዳው። በኋላ ነርቭና ጡንቻ የሚያዳክም በሽታ ያዘው። እጁ ቤዝ መያዝ ሲያቅተው ዜማውን በአፉ እያዜመ ቴፕ ላይ ይቀዳ ነበር። በ1979 በ56 ዓመቱ ሜክሲኮ ውስጥ አረፈ። አመዱ ጋንጅስ ወንዝ ላይ ተበተነ።

አሁን ልንጫወት ነው። ሁለተኛው ዜማ ላይ ሶሎ አለኝ፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ወሬ ያለው አሁኑኑ ይጨርስ። አንተ ደግሞ፣ ሳውንድ ማኑ፣ አዎ አንተን ነው፤ ቤዙን ከፍ አድርገው። ገና ነው። ትንሽ ጨምር።