ከማይክ ወደ ፕሮዲውሰር ወንበር
(ሐዋሳ ላይ ለልጆች ፕሮግራም የድምፅ ሥልጠና ለወሰዱ ወጣቶች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

ውድ ወላጆች፣ መምህራን፣ እናንተም የዛሬ ተመራቂዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

አሳጥራለሁ። እሑድ ነው፤ ከዚህ ወጥታችሁ አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ የተቀጣጠራችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ።

ስለ አንዲት ሴት ሥራ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ብሩክታዊት ጥጋቡ ትባላለች። ስሟን ባታውቁት ድምጿን ታውቁታላችሁ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ የምትናገረው የቀጭኔዋ የፀሐይ ድምፅ የእሷ ነው።

ብሩክታዊት አስተማሪ ነበረች። እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር የልጆች ፕሮግራም የሚሠራውን ዊዝ ኪድስ ዎርክሾፕን አቋቋመች። ሲጀምሩ ስቱዲዮ የሚባል ነገር የለም፤ ቤታቸው ውስጥ ነው የሠሩት። ፀሐይም ብትሆን የካልሲ አሻንጉሊት ናት። ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ነው፣ ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም። በ2008 ለትምህርታዊ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን የጃፓን ፕራይዝን አገኙ። በ2010 ብሩክታዊት የሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚ ሆነች። በኋላ ደግሞ «ጥበብ ገርልስ» የሚባለው አኒሜሽን መጣ፤ ጀግኖቹ ሴት ልጆች ናቸው፣ ስለ ወር አበባና ያለዕድሜ ጋብቻ ሳያፍሩ ያወራሉ።

እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ አስተማሪ፣ ከዚያ ድምፅ፣ ከዚያ ውሳኔ ሰጪ። በብዙ ቦታ ለገጸ ባሕርይ ድምፅ የሚሰጥ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚጠራው። ጽሑፉ አልቋል፣ ሥዕሉ አልቋል፣ «ነይና አንብቢልን» ይባላል። ትንሹን ክፍያም የሚወስደው እሱ ነው፤ ይህን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ የልጅ አፍ ይሁን አይሁን ቀድሞ የሚያውቀው ድምፅ ሰጪው ነው። ባለፈው ለልምምድ የተሰጣችሁን ጽሑፍ አስታውሱ። የስድስት ዓመት ልጅ «የግል ንጽሕናችንን መጠበቅ ይኖርብናል» ትላለች። የትኛዋ ልጅ ናት እንዲህ የምትል? የክፍለ ከተማ ጤና ባለሙያ ካልሆነች በቀር! አንዷ ሠልጣኝ ደጋግማ ብታነበውም አልሆን ሲላት ጽሑፉን አስቀምጣ እጇን አሸተተችና «ማሚ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ ይላል» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ እጅሽን ታጠቢ ነው። እንዲህ ያለችው ልጅ ናት እንግዲህ ነገ ጽሑፉን ማጽደቅ ያለባት።

ወንዶቹ ተመራቂዎች ከእናንተ የሴቶቹ ቁጥር ለምን በዛ ብላችሁ ነበር። የወንድ ልጅ ድምፅ በ12፣ በ13 ዓመቱ መጎርነን ይጀምራል። ዓመታት የሚቆይ ፕሮግራም ላይ ልጁን ራሱን ብታስገቡት አንድ ቀን ጎርምሶ ይመጣል። ስለዚህ አዋቂ ሴት ታስገባላችሁ። አሜሪካዊቷ ናንሲ ካርትራይት ለምሳሌ ከ1987 ጀምሮ የካርቱኑን የአሥር ዓመት ልጅ የባርት ሲምፕሰንን ድምፅ ትሠራለች። የእኛው አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ደግሞ በተቃራኒው ነው የጀመሩት። ያኔ መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ስላልነበረች የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ፣ ለአሥርት ዓመታት ደግሞ የልጆች ሁሉ አባት ሆኑ። ነፍሳቸውን ይማር።

ስለ ዕቃ የምትጨነቁ አላችሁ። ቁም ሣጥን ክፈቱ፣ ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ማይኩን እዚያ አስገቡት። «ፓ» ስትሉ ትንፋሹ ማይኩን በጥፊ ይመታዋል። የሽቦ ማንጠልጠያ አክብባችሁ አሮጌ ስቶኪንግ ወጥሩበትና ከአፋችሁና ከማይኩ መሃል አቁሙት። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቁ። የባጃጁን ነገር ግን መላ አላገኘሁለትም። ሐዋሳ ላይ ጸጥታ የፈለገ ሰው ሌሊት ይቅዳ!

የቋንቋው ነገር ከዚህ ይከብዳል። የሐዋሳ ልጅ ቤቱ ሲዳሙ አፎ ወይ ወላይትኛ ያወራል፣ ሰፈር ወጥቶ አማርኛ ይጫወታል። በአማርኛ የተሠራን አሻንጉሊት በሌላ ቋንቋ ስታናግሩት አፉ ቀድሞ ይዘጋል፣ ወይ ቃሉ አልቆ አፉ ይቀራል። ልጅ ደግሞ ይህን ወዲያው ነው የሚይዘው። ስለዚህ ትርጉሙን ድምፅ ሰጪው ቁጭ ብሎ ከተርጓሚው ጋር ይሥራ። ተርጓሚ ብቻውን ሠርቶ የላከው ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

አንድ ቅሬታም አለኝ። የሠራነው የልጆች ፕሮግራም አንድ ጣቢያ ላይ ሰዓት ተሰጥቶት ነበር። ስብሰባ ሲኖር ይነሳል፣ ኳስ ሲኖር ይነሳል፣ በዓል ሲመጣ ይነሳል። ደውለን ስንጠይቅ «ልጆች አይደሉ እንዴ፣ መቼ ቢሆን ያያሉ» ተባልን። ይህን ያለው ሰው ልጅ አላሳደገም፤ ወይም ሲያሳድግ ቤት አልነበረም። የአምስት ዓመት ልጅ ሰዓቱን ያውቃል። ሁለቴ ካጣው ሦስተኛ አይመጣም።

«ሰሳሚ ስትሪት» የሚባለው የልጆች ፕሮግራም አሜሪካ ውስጥ በ1969 ሲጀመር ተመራማሪዎቹ ልጁን ቴሌቪዥኑ ፊት ያስቀምጡትና ከጎን በየ7.5 ሰከንዱ የሚቀያየር ሥዕል ያሳዩት ነበር። ልጁ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ የመለሰባትን ቦታ ይመዘግባሉ። ያቺ ቦታ ትታረማለች፣ ካልሆነም ትወጣለች። ለአለቃ አሳይቶ ማጸደቅ እኛ አገር የተለመደ ነው፤ ለልጅ አሳይቶ ማጸደቅን ግን ገና አልለመድነውም።

ሰርተፍኬቱ ከታደለ በኋላ ተመራቂዎቹ የሠሩት የመጀመሪያው ክፍል እዚሁ ይታያል። ወላጆች፣ ልጆቹን ከፊት አስቀምጡልንና እናንተ ከኋላ ሁኑ። በመስኮት ቢያዩም፣ ቢሯሯጡም፣ እባካችሁ «ዝም በሉ» አትበሏቸው። ተመራቂዎች፣ እናንተ ደግሞ ስክሪኑን ተዉትና ደብተር ይዛችሁ ወደ ልጆቹ ዙሩ።

አመሰግናለሁ።