ይህ መሥሪያ ቤት ይቀጥል? ምክር ቤት አንድን ተቋም ከሥሩ እንዴት ይመረምራል

(ምስል፦ ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል የምትታይ ጅማ። ቀስ በቀስ ወደ መሃል ከተማው ይጠጋል።)

ተራኪ፦ ሰኔ ሲቃረብ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ምክር ቤት ፊት ቆመው የዕቅድ አፈጻጸም ያቀርባሉ። ይህን ያህል ሥልጠና ተሰጠ፣ ይህን ያህል መድረክ ተካሄደ፣ አፈጻጸሙ ከዘጠና በመቶ በላይ ነው። አባላት ይጠይቃሉ፣ ኃላፊው ያብራራል፣ ሪፖርቱ ይጸድቃል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል፦ ይህ መሥሪያ ቤት ባይኖር ኖሮ ዛሬ፣ አሁን ባለው መልኩ፣ እናቋቁመው ነበር ወይ?

የአፈጻጸም ሪፖርት ለዚህ መልስ የለውም። ሪፖርቱ የሚለካው ከዕቅዱ አንጻር ነው፤ ዕቅዱን ያወጣው ደግሞ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው።

(ምስል፦ የአሜሪካ ካርታ፤ ኮሎራዶና ቴክሳስ ይደምቃሉ።)

ይህን ጥያቄ ማንሳት በሕግ ግዴታ የሆነበት አገር አለ። በአሜሪካ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ቴክሳስ በ1977 መሥሪያ ቤቶች የሕልውና ቀነ ገደብ እንዲኖራቸው ደነገጉ። በቴክሳስ አንድ መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ዓመቱ ይመረመራል። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ሕግ አውጪው በአዲስ ሕግ ካላደሰው ይፈርሳል፤ ሒሳቡን ዘግቶ ንብረቱን እንዲያስረክብ አንድ ዓመት ገደማ ይሰጠዋል።

ምርመራውን የሚመራው 12 አባላት ያሉት ኮሚሽን ነው፦ 5 ከላይኛው ምክር ቤት፣ 5 ከታችኛው፣ 2 ደግሞ ከሕዝብ። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ራሱን ገምግሞ ይጽፋል። ቀጥሎ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ለወራት ሰነድ ያገላብጣሉ፣ ተገልጋይ ያነጋግራሉ፣ የውሳኔ ሐሳብ ያሳትማሉ። ከዚያ ሕዝብ የሚናገርበት መድረክ ይከፈትና ረቂቅ ሕግ ይቀርባል።

የአሠራሩ ጉልበት ያለው የማስረዳት ሸክሙን በማዞሩ ነው። በተለመደው አሠራር የሚለፋው «ይፍረስ» የሚለው ወገን ነው። ቀነ ገደብ ሲኖር ግን ድምፅ አሰባስቦ ማሳመን ያለበት «ይቀጥል» የሚለው ነው። ዝምታ ማፍረስ ይሆናል።

አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች በሌላ ጉዳይ ተፋጥጠው መደበኛ ጉባኤያቸውን ዘጉ፤ የአምስት ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች ማራዘሚያ ሳይጸድቅ ቀረ። ከአምስቱ አንዱ ለሐኪሞች ፈቃድ የሚሰጠው የሕክምና ቦርድ ነበር። ማንም እንዲፈርስ አልፈለገም፤ ገዥው ልዩ ጉባኤ ጠርተው ነው የተራዘመው። ሌሎች ግዛቶች ደግሞ ትናንሽ ቦርዶችን መመርመሩ ጊዜያቸውን ስለበላው ሕጉን ሽረዋል ወይም አግደዋል። ስለዚህ ይህን አሠራር እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይመከርም። መወሰድ ያለበት ጥያቄው ነው።

ጥያቄው ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቦረና ጉሚ ጋዮ የተባለው ጠቅላላ ጉባኤ በየ8 ዓመቱ ተሰብስቦ ሕጎችን ይመረምራል፤ የሚጸናውን ያጸናል፣ የሚሻሻለውን ያሻሽላል። ሕግም ሆነ ሥልጣን በየዘመኑ መታደስ እንዳለበት የገዳ ሥርዓት ቀድሞ አውቆታል።

(ምስል፦ ቀይ የቡና ፍሬ፤ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና።)

በዘመናዊው አስተዳደራችን መሥሪያ ቤት ይፈርሳል፣ ይዋሃዳል፣ ስሙ ይቀየራል። የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የሚወስነው አዋጅ በ2003፣ በ2008፣ በ2011 እና በ2014 ዓ.ም. እንደ አዲስ ወጥቷል። ለጅማ ሰው ግን ቅርቡ ምሳሌ ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የቡና ቦርድ ነበር። በደርግ ዘመን የቡናና ሻይ ልማት ሚኒስቴር ሆነ። ከዚያ ሥራው ወደ ግብርና ተጠቃለለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ሆኖ ተመለሰ። እንዲህ ያለው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ አዋጅ ሲታጠፍ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው፣ ተገልጋዩ ባለበት፣ በሰነድ ተፈትኖ አይደለም።

(ምስል፦ ሥዕላዊ መግለጫ፤ ጨፌ ኦሮሚያ፣ ዞን፣ ከተማ፣ ወረዳ።)

ጅማ ላይ ማን ማንን ይጠይቃል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል እንደሆነ ይደነግጋል፤ እዚህ ያ ጨፌ ኦሮሚያ ነው። የጅማ ከተማ የራሱ ምክር ቤት አለው። የጅማ ዞን አስተዳደር ግን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ነው። ብዙ ሰው ዞኑንና ከተማውን ያደባልቃል፤ አቤቱታው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ወራት ያልፋሉ። የዞን መምሪያ ላይ ጥያቄ ያለው ሰው በጨፌው የወከለውን አባል ይፈልግ።

በጨፌው አዋጅ የቆመን ተቋም የከተማው ምክር ቤት ሊያፈርሰው አይችልም። ግን ኃላፊውን ጠርቶ መጠየቅ፣ በቋሚ ኮሚቴው በኩል መስክ መውረድ፣ ከበጀት ክርክሩ በፊት ግኝቱን በጽሑፍ ማቅረብና ለጨፌው የውሳኔ ሐሳብ መላክ ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ አዋጅ፣ እስክሪብቶ፣ ባዶ ሰንጠረዥ።)

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ይህ ለምክር ቤት አባላት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። ምርመራውን ጥቅምት ላይ ጀምሮ መጋቢት ላይ መጨረስ ይገባል፤ ሰኔ ላይ የደረሰ ግኝት የሚቀጥለውን በጀት አይነካም። በአንድ ዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት መሥሪያ ቤት በላይ አትያዙ። ሁሉን ልፈትሽ ያለ ኮሚቴ አንዱንም ሳይፈትሽ ዓመቱ ያልቅበታል።

መነሻው ማቋቋሚያ ሕጉ ነው፤ የክልሉ ከሆነ የክልሉ አዋጆች በሚታተሙበት ጋዜጣ፣ በመገለታ ኦሮሚያ ላይ ይገኛል። የሥልጣንና ተግባር አንቀጹን ፊደል በፊደል አውጥታችሁ ሰንጠረዥ ሥሩ። በአንድ ዓምድ ሕጉ የሰጠውን ሥልጣን፣ በሁለተኛው ባለፉት ሦስት ዓመታት በዚያ ሥልጣን የተሠራውን፣ በሦስተኛው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሌላ መሥሪያ ቤት ካለ ስሙን ጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ሥልጣን ወይ አላስፈላጊ ነው ወይ በጀት አልተመደበለትም። ሦስተኛው ዓምድ የሞላበት ደግሞ ነዋሪው ለአንድ ጉዳይ ሁለት በር የሚያንኳኳበት ነው።

ቀጥሎ በጀቱ። እንበል ጽሕፈት ቤቱ 60 የሥራ መደብ ኖሮት 41ዱ ተሟልቷል፤ ከ6 ሚሊዮን ብር መደበኛ በጀቱ 5.4 ሚሊዮኑ ደመወዝ ነው። ለሥራ ማስኬጃ የቀረው 600 ሺህ፣ ማለትም 10 በመቶ ብቻ ነው። ሥራው የመስክ ቁጥጥር ከሆነ፣ ነዳጅና ውሎ አበል የሌለው ተቆጣጣሪ ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ኃላፊውን መገሠጽ ምንም አያመጣም። መፍትሔው ወይ ተሽከርካሪና ባለሙያ ካለው ተቋም ጋር ማዋሃድ ወይ መደቡን ቀንሶ ሥራ ማስኬጃውን ማሳደግ ነው። ወጪውን በሩብ ዓመት ከፋፍላችሁም እዩ፤ ግዥው ሰኔ ላይ ከተከመረ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ነበር ማለት ነው።

የኦዲት ግኝት ሲመጣ ሁለቱን ዓይነት ለዩ። የሒሳብ ኦዲት ገንዘቡ በሥርዓት ወጥቷል ወይ ይላል። የክዋኔ ኦዲት ገንዘቡ የታሰበለትን ውጤት አምጥቷል ወይ ይላል፤ ለእኛ ጥያቄ የሚቀርበው ይህኛው ነው። ከግኝቱ ብዛት ይልቅ ዕድሜውን ተመልከቱ፤ ሦስት ዓመት ተከታትሎ የተጻፈ ተመሳሳይ ግኝት በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚስተካከል አይደለም።

(ምስል፦ በአንድ አገልግሎት መስጫ ደጃፍ የቆመ ሰልፍ፤ ፊት አይታይም።)

የመስክ ምልከታ የሚበላሸው ቀድሞ በደብዳቤ ሲነገር ነው። ግድግዳው ይታጠባል፣ የዜጎች ቻርተር ይለጠፋል፣ ቡና ይፈላል። ሳትናገሩ ሰኞ ጠዋት ወይም ዓርብ ከሰዓት ሂዱ፤ ከኃላፊው ቢሮ በፊት ሰልፉ ጋ ቁሙ። ተገልጋዩን በሚናገርበት ቋንቋ ጠይቁት፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፦ ስንተኛ ጊዜህ ነው? የጎደለ ሰነድ በየትኛው ቀን ነው የተነገረህ? ከዚያ የአቤቱታ መዝገቡን አስወጡ። ባዶ መዝገብ ካገኛችሁ ቅሬታ የለም ብላችሁ አትመዝግቡ፤ ሰዎች የት ሄደው እንደሚያመለክቱ ጠይቁ።

የምክር ቤት አባሉ ራሱ የሚመረመረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ወይም ሠራተኛ ከሆነ ከምርመራው ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

የውሳኔ ሐሳቡ አራት መልክ ሊኖረው ይችላል፦ እንዳለ ይቀጥል፣ ተሻሽሎ ይቀጥል፣ ይዋሃድ፣ ይፍረስ። «አሠራሩን ያጠናክር» የሚል ሐሳብ አትጻፉ፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚል ይኑረው። ማዋሃድ ወይም ማፍረስ ከታሰበ ደግሞ መብትና ግዴታ ለማን እንደሚተላለፍ የሚያስቀምጠው አንቀጽ በጥንቃቄ ይረቀቅ። በፍርድ ቤት ያለ ክርክር ማን ይቀጥለዋል? የሠራተኛው ድልድል በምን መስፈርት ይሁን? መዛግብቱ በየትኛው ክፍል፣ በማን ፊርማ ይረከቡ? የወጣ ፈቃድስ እስከ መቼ ይጸናል? ይህ ሳይጻፍ ከቀረ በነጋታው ፈቃዱን ሊያሳድስ የመጣ ነጋዴ የተዘጋ በር ያገኛል፤ አዲሱ ቢሮም «ፋይልህ አልደረሰንም» ይለዋል።

ከውሳኔው ስድስት ወር በኋላ ያው ኮሚቴ ያንኑ ሰንጠረዥ ይዞ ይመለስ። በእያንዳንዱ ሐሳብ ትይዩ ተፈጽሟል፣ በከፊል፣ አልተፈጸመም ብሎ ይሙላና ሰንጠረዡን ነዋሪው በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጥፈው።