በውርወራና በውርወራ መካከል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ከድምፄ ሥር የሚንሿሿው ነገር የመቅጃዬ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። አጠገቤ የሸክላ ማጫወቻ እየዞረ ነው፤ ዘፈኑ ስላለቀ መርፌው በመጨረሻዋ ቀለበት ላይ እየተመላለሰ ነው። ሆን ብዬ ነው ያላነሣሁት። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚህ ሹክሹክታ፣ እንዲሁም በሎስ አንጀለስ ከፋሲካ ሰሞን እስከ መስቀል በየማታው ስላደመጥኩት አንድ የቤዝቦል ጨዋታ አስተላላፊ ድምፅ ነው። ቀናቱንና ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

እዚህ አገር የገባሁት በ1986 ሲሆን የመጀመሪያ ሥራዬ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ሌሊት ተቀምጦ ገንዘብ መቀበል ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ትንሽ ሬዲዮ ትቶ ሄዶ ነበርና አንድ ምሽት ብከፍተው፣ የሰከነ የሽማግሌ ለዛ ያለው ሰው አድማጮቹን «የትም ብትሆኑ» እያለ መልካም ምሽት ሲመኝ ሰማሁ። እኔ በዚያ ሰሞን የት እንዳለሁ በቅጡ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ስለ ቤዝቦል የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም፣ እንግሊዝኛዬም ከመጽሐፍ የተማርኩት ነበር፤ ሆኖም ሰላምታው ለእኔም ጭምር የተሰጠ መሰለኝና ሬዲዮውን ሳልዘጋው ቀረሁ።

ያ ሰው ቪን ስኩሊ ነበር። ዶጀርስ የተባለው የቤዝቦል ቡድን ገና ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ሳለ በ1950፣ በ22 ዓመቱ ማይክሮፎን ጨበጠ፤ ቡድኑ በ1958 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር አብሮ መጣ፤ እስከ 2016 ድረስም ለ67 የውድድር ዘመናት ጨዋታዎቹን አስተላለፈ። በመጀመሪያዎቹ የሎስ አንጀለስ ዓመታት ቡድኑ የሚጫወተው ከ90,000 በላይ ሰው በሚይዘው ኮሊሲየም ስለነበረ፣ ከሩቅ መቀመጫ ጨዋታውን በዓይኑ መከታተል ያልቻለው ሕዝብ ትንንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዞ ይገባ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የስኩሊ ድምፅ ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሁሉ ተመልሶ ይሰማ ነበር ይባላል። ሰዎች ዓይናቸው ፊት ያለውን ነገር እንዲነግራቸው እርሱን ይጠብቁ ነበር ማለት ነው።

ስኩሊ ብቻውን ነበር የሚያስተላልፈው። አጠገቡ አስተያየት የሚሰጥ ባልደረባ ስለሌለ ንግግሩ በቀጥታ ለአድማጩ ነበር። ቤዝቦል ደግሞ፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ አብዛኛው ጊዜ ምንም የማይሆንበት ጨዋታ ነው። ወርዋሪው ኳሷን ያገላብጣል፣ መቺው ከመስመሩ ወጥቶ ጓንቱን ያጠብቃል፣ ሁለቱ እንደገና ይተያያሉ። ስኩሊ በዚያ ባዶ ጊዜ ስለ ተጫዋቹ አባት፣ ስላደገበት ቀበሌ ወሬ ይጀምራል፤ ኳሷ ስትወረወር ያቋርጥና ውጤቱን ይናገራል፤ ከዚያም ወሬውን ካቆመበት ያነሣዋል። ምሽት ላይ ቡና እያፈላች ተረት የምትነግረን አያቴ እንዲሁ ነበረች፤ ጀበናው ሲገነፍል ታቆማለች፣ ካወረደችው በኋላ ትቀጥላለች፣ እኛም ክሩ ይጠፋባታል ብለን ሰግተን አናውቅም።

በዚያው ሥራ ቦታ አንድ ሜክሲኳዊ አዛውንት ባልደረባ ነበረኝ። እርሱ የሚያደምጠው በስፓኒሽ የሚያስተላልፈውን ሃይሜ ሃሪንን ነበር። ሃሪን በ1955 ከኢኳዶር ሲመጣ ቤዝቦል አይቶ የማያውቅ ስደተኛ ሲሆን፣ በ1959 የዶጀርስን ጨዋታ ማስተላለፍ ጀምሮ እስከ 2022 ዘለቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከከተማው ውጭ የሚደረጉትን ጨዋታዎች ስቱዲዮ ተቀምጦ የእንግሊዝኛውን ስርጭት በጆሮው እየሰማ ወደ ስፓኒሽ ይመልስ እንደነበር ስሰማ ልቤ ተነካ፤ እኔም በዳሴ ውስጥ የማደርገው ያንኑ ነበርና፤ ለራሴ ብቻ፣ ወደ አማርኛ።

የስኩሊን ትልቅነት ግን በሚገባ የተረዳሁት ዝም ያለበትን ቅጂ ስሰማ ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 1974 አትላንታ ውስጥ ሃንክ አሮን የተባለው ተጫዋች 715ኛውን ሆምረን፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሳርፈውን ምት፣ መትቶ የቀድሞውን ታላቅ መቺ የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን ሰበረ። አሮን ወደ ክብረ ወሰኑ ሲቃረብ፣ ጥቁር በመሆኑ የተነሣ የግድያ ዛቻ ያዘሉ ደብዳቤዎች ይደርሱት ነበር። ኳሷ አጥሩን ስታልፍ ስኩሊ ሊጮህ፣ ሊያሞግስ፣ ስሙን ከታሪኩ ጋር ሊያያይዝ ይችል ነበር። እርሱ ግን ማይክሮፎኑን ለሕዝቡ ጩኸትና ለርችቱ ተወው። ብዙ ቆይቶ ሲመለስ በደቡብ ምድር አንድ ጥቁር ሰው ሕዝብ ቆሞ እያጨበጨበለት መሆኑን በእርጋታ ተናገረ። እኔ ይህን ቅጂ የሰማሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ጥቁር ሆኖ በዚህ አገር መኖር ምን እንደሆነ ካየሁ በኋላ ነው፤ ከንግግሩ ይልቅ ከንግግሩ በፊት የነበረውን ዝምታ ደጋግሜ አደምጠዋለሁ።

ወደ ሸክላዬ ልመለስ። አጠገቤ የምትዞረው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ የአባቴ ናት። ያሳተማት አምሃ እሸቴ ነው፤ ሸክላ ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በተፈቀደበት ዘመን፣ በ1969፣ በድፍረት የራሱን ማሳተሚያ ያቋቋመው ወጣት። በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሰደድ ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎችን አውጥቷል። እንዲህ ያለችው ትንሽ ሸክላ በአንድ ፊቷ የምትይዘው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። አባባ ዘፈኑ ሲያልቅ ወዲያው ተነሥቶ አይገለብጣትም ነበር። መርፌው እንዲህ እየተንሿሿ ይተወውና ያወራ ነበር፤ የደመወዙን ነገር፣ የአጎቴን ሕመም፣ ከገጠር የመጣውን ደብዳቤ። የቤታችንን ጉዳይ ሁሉ የሰማሁት በአንደኛውና በሁለተኛው ፊት መካከል ነው።

ስኩሊ ነሐሴ 2 ቀን 2022 አረፈ፤ ሃሪንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ማይክሮፎኑን አስረከበ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2023፣ ቤዝቦል ለወርዋሪው ሰዓት ቆጣሪ አስቀመጠለት፤ መቺዎች ከመቱ በኋላ በሚሮጡባቸው መደቦች ላይ ሯጭ ከሌለ በ15፣ ካለ ደግሞ በዚያ ዓመት በ20፣ ከ2024 ወዲህ በ18 ሰከንድ ውስጥ ውርወራውን መጀመር አለበት። በ2022 አማካኝ ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ የነበረው ጨዋታ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። ብዙ ሰው ተደስቷል፤ ልጆቼም እስከ መጨረሻው የሚያዩት ከዚያ ወዲህ ስለሆነ ደስታቸውን አልነፍጋቸውም። ነገር ግን እነዚያ የተቀነሱት 24 ደቂቃዎች ለእኔ ባዶ አልነበሩም። ስኩሊ የሚኖረው እዚያ ነበር። የተጫዋቹ አባት፣ የተወለደበት መንደር፣ የሚንሾካሾከው ሕዝብ፣ ዳሴ ውስጥ ተቀምጬ አንዲት አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል በአፌ የማመላልስበት ፋታ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ዛሬ የሚያስተላልፉት ባለሙያዎች ጎበዞች ናቸው፤ ወሬ ሲጀምሩ ግን ኳሷ ትቀድማቸዋለች፣ ያቋረጡትንም መልሰው ሳያነሡት ይቀራሉ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ይህችን ሸክላ ስታደምጥ ዘፈኑ አልቆ መርፌው መንሿሿት ሲጀምር፣ «አባባ፣ ላንሣው?» አለችኝ። «ቆይ፣ ተይው» አልኳት፤ ተቀመጠች፤ ከዚያም ለወራት ያልነገረችኝን የሥራዋን ጉዳይ ታጫውተኝ ጀመር። እኔም አላቋረጥኳት። ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም፤ ሁለተኛው ፊት እየጠበቀኝ ነው።