ጠባሳ ላይ የተነቀሰ ታሪክ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም ከፊት የተቀመጣችሁት ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ስብሰባችን አጀንዳ በአዳራሻችን የጀርባ ግድግዳ ላይ ምን ይሳል የሚለው ነው። ኮሚቴው ያቀረበውን ንድፍ ተመልክቻለሁ። ላሊበላ አለ፣ የጎንደር ግንብ አለ፣ ጀበናና ሲኒ አለ፣ በስተቀኝ ደግሞ የሚሮጥ አትሌት አለ። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን እዚሁ በምንኖርባት ከተማ፣ በሎስ አንጀለስ፣ ስላለ አንድ ግድግዳ እንድነግራችሁ ጊዜ ለምኜ ተፈቅዶልኛል። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ፣ በኮልድዋተር ካንየን ጎዳና ዳር፣ ቱሃንጋ የሚባል የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞች ሳታዩት ብዙ ጊዜ አልፋችሁበታል። ከመንገዱ ሲያዩት ሲሚንቶ የለበሰ ጉድጓድ ነው። ወርዶ ወደ አጥሩ ለተጠጋ ግን በቦዩ ግድግዳ ላይ ከ800 ሜትር የሚበልጥ፣ ቁመቱ አራት ሜትር ገደማ የሆነ ሥዕል ተዘርግቶ ይታየዋል። ታላቁ የሎስ አንጀለስ ግንብ ይሉታል። የሥራው መሪ ጁዲ ባካ ይባላሉ፤ በ1946 እዚሁ ከተማ የተወለዱ፣ በዋትስና በፓኮይማ ሠፈሮች ያደጉ፣ ዘራቸው ከሜክሲኮ የሚመዘዝ ሠዓሊ ናቸው።

ከ1938ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ የዚህች ከተማ ወንዝና ገባሮቹ በሲሚንቶ ታሰሩ። ባካ ያንን ሲሚንቶ በምድሪቱ ላይ የቀረ ጠባሳ ይሉታል፤ ሥዕሉን ደግሞ በጠባሳው ላይ የተነቀሰ ንቅሳት። ይህን ስሰማ የእናቴ አንገት ታወሰኝ። እዚህ ያላችሁ እናቶች ንቅሳትን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጌጥ ነው፤ መርፌው ግን ያማል፣ ከገባ በኋላም አይለቅም።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1974 ነው። በአገራችን ዘውዱ ወድቆ ደርግ ሥልጣን የያዘበት፣ የብዙዎቻችን እግር ወደዚህ መንገድ የጀመረበት ያው ዓመት ማለት ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች የቦዩን አካባቢ ለማስዋብ ፈልገው ባካን ጠሩ። አበባ ቢሳልበት ማንም አይከፋም ነበር። እርሳቸው ግን ከተማይቱ የማትናገረውን ታሪኳን አወጡበት።

ሥዕሉ የሚጀምረው ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት በዚህ ምድር ከነበሩት ሕዝቦች ነው። ከዚያ 1781 ይመጣል። ሎስ አንጀለስን የቆረቆሩት ሠፋሪዎች 44 ነበሩ፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት አፍሪካዊ ደም ያላቸው ነበሩ። እኔ ይህን ያወቅሁት በዚህች ከተማ ሃያ ዓመት ከኖርሁ በኋላ፣ በቦዩ አጥር ላይ ተደግፌ ነው። ራሴን ዘግይቶ እንደመጣ እንግዳ ስቆጥር የኖርሁባት ከተማ፣ ከመጀመሪያ ቀኗ ጀምሮ እኔን የሚመስል ሰው ነበረባት። ዝቅ ሲሉ በ1871 በአንዲት ሌሊት በመንጋ የተገደሉት ቻይናውያን አሉ። በ1930ዎቹ በባቡር ተጭነው የተባረሩት የሜክሲኮ ተወላጆች አሉ፤ ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው የአገሩ ዜጎች ነበሩ። በ1942 ከነልጆቻቸው ወደ ካምፕ የተጋዙት ጃፓናውያን አሜሪካውያንም አሉ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ የቻቬዝ ራቪን ክፍል ነው። ቻቬዝ ራቪን ሜክሲኮአውያን ቤት ሠርተው፣ ጓሮ አልምተው የኖሩበት ኮረብታማ ሠፈር ነበር። የሕዝብ መኖሪያ ይሠራላችኋል ተብለው እንዲለቁ ተደረጉ። መኖሪያው አልተሠራም። መሬቱ ለዶጀርስ የቤዝቦል ቡድን ተሰጠ፤ እምቢ ያሉት የመጨረሻ ቤተሰቦች በ1959 በፖሊስ እየተጎተቱ ወጡ፤ በ1962 ስታዲየሙ ተመረቀ። በሥዕሉ ላይ ስታዲየሙ ከሰማይ እንደሚወርድ የጠፈር መርከብ ሆኖ ይታያል። ከጎኑ የአውራ ጎዳናው ምሰሶዎች እንደ ዘንዶ ተጠማዝዘው የአንድ ቤተሰብ ሰዎችን ወዲያና ወዲህ ይለያያሉ። እነዚያን መንገዶች በየቀኑ እንነዳባቸዋለን። በማን ሠፈር ላይ እንደተሠሩ የነገረን ግን አልነበረም።

አሠራሩም ከሥዕሉ አያንስም። በ1976 ክረምት ባካ ሰማንያ ወጣቶችን ይዘው ወደ ቦዩ ወረዱ። ብዙዎቹ ከሕግ ጋር ተጋጭተው በፍርድ ቤት በኩል የተላኩ፣ ከማይዋደዱ ሠፈሮች የመጡ ልጆች ነበሩ። አሥር ሠዓሊዎችና አምስት የታሪክ ባለሙያዎች አብረዋቸው ነበሩ። በአምስት ክረምቶች ውስጥ ቁጥራቸው ከ400 አለፈ። በዚያ በሚያቃጥል ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን ቆመው የአንዱን ወገን በደል ሌላው በብሩሽ ሳለው። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ክፍል በልዩ ልዩ እጅ ስለተነደፈ ይቆራረጣል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን እንደ ወንዝ ይፈስሳል።

ሥራው በ1950ዎቹ ታሪክ ላይ ቆሞ ብዙ ዘመን ቆየ። በ2017 በአገሪቱ የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2021 ለመቀጠያው የ5 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ተገኘ። ከ2023 መጨረሻ እስከ 2024 አጋማሽ ደግሞ ባካና ረዳቶቻቸው የ1960ዎቹን ክፍል በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ በተመልካች ፊት ሳሉ። ሙዚየሙ ዊልሸር ጎዳና ላይ ነው። ቡና ከምንጠጣበት ከፌርፋክስ በእግር ይደረሳል።

አሁን ወደ እኛ ግድግዳ ልምጣ። በ2002 የከተማው ምክር ቤት ያንን የፌርፋክስ መንገድ “ትንሿ ኢትዮጵያ” ብሎ ሲሰይም ብዙዎቻችን እልል ብለናል። ከእኛ በፊት በአካባቢው የአይሁድ ሱቆች ነበሩ፤ እነርሱም ከስደት የመጡ ነበሩ። እነርሱ በንድፉ ላይ የሉም። እኛም በንድፉ ላይ የለንም። በእግሩ ሱዳን የገባው የለም። በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ መጽሐፍ ዘርግቶ ሌሊቱን ሲያነጋ የኖረው ተማሪ የለም። ልጇን አገር ቤት ትታ የሰው ልጅ ያሳደገችው እናት የለችም። ቀይ ሽብር የለም።

ይህን ቃል ስጠራ አዳራሹ ዝም እንዳለ ይሰማኛል። ያኔ በተለያየ ወገን የቆማችሁ ሰዎች ዛሬ በአንድ ረድፍ ተቀምጣችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ እስከ አሁን በአንድ ጠረጴዛ ቡና አትጠጡም። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ግድግዳ ላይ እንጻፍ አላልሁም። በዚያ ዘመን የሞተ ወንድም የሌለን ጥቂቶች ነን፤ ያንን ወንድም እንሳለው ነው የምለው። ገመናችንን ለምን ለሰው እናሳያለን ያላችሁኝ አባት አሉ፤ አከብርዎታለሁ። ነገር ግን ልጆቻችን ላሊበላን በየትም ያገኙታል። አባታቸው ከመተማ ወደ ገዳሪፍ ስንት ሌሊት እንደተጓዘ ግን ከእኛ በቀር የሚነግራቸው የለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ድምፁን ለሁለት ወር እንድናቆየው ነው። በዚህ ጊዜ ወጣቶቹ በየቤቱ እየሄዱ ሽማግሌዎቻችንን ይጠይቁ፤ ንድፉም ከሰሙት ይነሣ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከዚህ ደጃፍ ተነሥተን ወደ ቱሃንጋ እንሄዳለን። ርዝመቱን ሁሉ በእግራችን ስለምናየው ባርኔጣና ውሃ ያዙ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ እያንዳንዳችሁ አንድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ። እኔ ካርቱም ውስጥ የተነሣሁትን አመጣለሁ። ከእኔ ጋር ሦስት ልጆች አሉበት፤ የሁለቱን ስም ረስቻለሁ። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ያውቃቸው ይሆናል።

አመሰግናለሁ።