«ጥሩ ነው» ያልኩት መጽሐፍ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስላነበብኳቸው መጻሕፍት የሚሰማኝን ሳልሸፋፍን ላጫውታችሁ ነው።

መነሻዬ አንድ ውሸት ነው። ጓደኛዬ በጣም የምትወደውን መጽሐፍ አዋሰችኝ። ወፍራም ታሪካዊ ልብወለድ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ «እንዴት አገኘኸው?» አለችኝ። «ጥሩ ነው» አልኳት። ገጽ 112 ላይ አቁሜው ነበር። ዓይኗ በርቶ ስለ መጨረሻው ልታወራኝ ስትጀምር ወሬ ቀየርኩ። እሷም ዝም አለች። ያቺ ዝምታ እስካሁን ትከነክነኛለች።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ጸሐፊው አምኖኛል ወይ? ማለቴ፣ «ይህንን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል» ብሎ ትቶልኛል? ወይስ እያንዳንዷን ነገር አላምጦ ነው የሚሰጠኝ?

በወንጀል ምርመራ ልብወለድ ልጀምር። «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብለው የሚያጣጥሉት ብዙ ናቸው። እኔ በፍጹም አልስማማም። እንደዚህ ዘርፍ አንባቢውን የሚያከብር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ ለመርማሪ ልብወለድ 10 ሕጎች ጽፎ ነበር። አንደኛው፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢውም ወዲያው ማየት አለበት ይላል። በቃ፣ ጨዋታው በእኩል ሜዳ ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣውን የአጋታ ክሪስቲን «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» የጨረስኩት ሌሊት ላይ ነበር። ተናደድኩ። የተጭበረበርኩ መሰለኝ። በማግስቱ እርሳስ ይዤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ፤ ውሸቷን ላገኝ። አላገኘሁም። ሁሉም ነገር ተነግሮኝ ነበር። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ እኔ ነኝ አልፌው የሄድኩት። ገዳዩን አልነግራችሁም፤ ያላነበባችሁት ይህን ደስታ እንድታገኙት እፈልጋለሁ። በሌሎች መጻሕፍቷ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰዎቿ ብዙ ጊዜ ለእንቆቅልሹ ሲባል ብቻ የቆሙ ናቸው። በሳምንቱ ስማቸው ይጠፋኛል።

የስኬት መጻሕፍት ላይ ስመጣ ልቤ ይከብደኛል። ሥራ ያጣሁበት ጊዜ ነበር። አንድ የምወደው ሰው «ይህን አንብብ፣ ሕይወትህ ይቀየራል» ብሎ ሰጠኝ። መጽሐፉ የሚለው አንድ ነገር ነው። የደረሰብህ ሁሉ የሐሳብህ ውጤት ነው። ይህንኑ በየምዕራፉ ይደጋግመዋል። በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነገር ነበር። ድግግሞሹ ግን አልጎዳኝም። የጎዳኝ እኔ ስላላሰብኩት ነው ሥራ ያጣሁት ብዬ ማመን መጀመሬ ነው። ሌሊት እየነቃሁ ሐሳቤን እመረምር ነበር። የወደቀን ሰው «ራስህ ነህ የወደቅከው» የሚል መጽሐፍ ለማንም አላውስም። ዘርፉን በሙሉ አልጠላም። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ጥሩ ልማድ በግልጽ የጻፉ አሉ፤ ተጠቅሜባቸዋለሁ።

ከዚያ ሕመም ያወጣኝ የቪክቶር ፍራንክል መጽሐፍ ነው። ፍራንክል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። በናዚ ማጎሪያዎች፣ አውሽዊትዝን ጨምሮ፣ ታስሮ ተርፏል። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1945 በዘጠኝ ቀን ነው የጻፈው፤ በዓመቱ ታተመ። መጀመሪያ ስሙን ሳይገልጽ በእስረኛ ቁጥሩ ብቻ ሊያሳትመው አስቦ ነበር። እኔን የያዘኝ ድምፁ ነው። አይጮህም። የተረፍኩት ጠንካራ ስለሆንኩ ነው አይልም። እንዲያውም ከመካከላችን ምርጦቹ አልተመለሱም ይላል። ያን ዓረፍተ ነገር አንብቤ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ስለ ሕክምና ዘዴው የሚያብራራው ሁለተኛው ክፍል ግን ደረቅ ሆኖብኛል። እውነቱን ለመናገር እየዘለልኩ ነው ያለፍኩት።

አሁን ብዙዎቻችሁን የማስቀይምበት ቦታ ደረስኩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»። የሐዲስ ዓለማየሁ፣ የ1958 ዓ.ም.። እወደዋለሁ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን በዛብህና ሰብለወንጌል እኔን አይደሉም የሚይዙኝ። ፍቅራቸው ያሳዝነኛል፣ አከብረዋለሁ፤ ገጹን የሚያስገልጠኝ ግን ጉዱ ካሣ ነው። ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው ሰው ከሁሉም የበለጠ አርቆ ያያል። እርግጥ አንዳንድ ቦታ ንግግሩ ይረዝምብኛል። ደራሲው በእሱ አፍ እያስተማረኝ እንደሆነ ይታወቀኛል።

ፊታውራሪ መሸሻ ዘንድ ስደርስ ግን ሐዲስ ሙሉ በሙሉ ያምነኛል። «ይህ ሰው ትዕቢተኛ ነው» ብሎ አይነግረኝም። ሰውየውን ያናግረዋል፣ ያስፎክረዋል፤ ፍርዱን ለእኔ ይተወዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሰማ ሰው ያን ድምፅ ከጆሮው አውጥቶ መጽሐፉን ማንበብ ይቸግረዋል። እኔም አልቻልኩም። አልፈልግምም።

አስፈሪ ልብወለድ አልወድም እል ነበር። «ፍራንከንስታይን» አሳፈረኝ። ሜሪ ሼሊ መጻፍ ስትጀምር ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። ስሙ የፈጣሪው እንጂ የፍጡሩ አይደለም። ፍጡሩ ስም እንኳ የለውም። እኔ ጭራቅ ስጠብቅ፣ ተደብቆ የሰው ቤተሰብ እያየ ቋንቋ የተማረ፣ ማንበብ የቻለ፣ ከዚያ ሊቀርባቸው ሲሞክር የተባረረ ምስኪን አገኘሁ። አለቀስኩ። በኋላ ሰው ሲገድል ልጠላው ሞከርኩ፤ ግማሽ በግማሽ ነው የቻልኩት።

ግጥም ላይ ብዙ አልቆይም። የፀጋዬ ገብረ መድኅንን ግጥም በዓይኔ ብቻ ሳነበው ይጠብቅብኛል። ጮክ ብዬ ሳነበው ቃላቱ ይከፈቱልኛል። ሁሉም አይገባኝም። ያልገባኝን «ድንቅ ነው» ማለት ግን ትቻለሁ።

ወደ ገጽ 112 ልመለስ። መጽሐፉ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ያቆምኩት ደራሲው ጦርነቱን ሲተርክ እያንዳንዱን ሰው ምን እንደተሰማው እየነገረኝ ስለሄደ ነው። ፈራ ይላል፣ አዘነ ይላል፣ ተጸጸተ ይላል። እኔ ግን እጁ ሲንቀጠቀጥ ማየት ፈልጌ ነበር። እሷ ምን እንዳየችበት አላውቅም። ምናልባት አያቷ ስለ ጦርነት የነገሯት ነገር አለ። ምናልባት ገጽ 200 ላይ እኔ ያልደረስኩበት ነገር አለ። ይህን ቀረጻ እንዳቆምኩ እደውልላታለሁ። «አልጨረስኩትም፣ ዋሽቼሽ ነበር፤ አሁን መጨረሻውን ንገሪኝ» እላታለሁ።