ደጋግሞ የተባረረው አሠልጣኝ

ውድ ወላጆች፣ ጊዜያችሁን በነጻ የምትሰጡን አሠልጣኞች፣ እናንተም ከኋላ ተደርድራችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የጸደዩ ውድድር ደርሷል። አዘጋጆቹ «ስለ ማሠልጠን ትንሽ በለን» ሲሉኝ፣ ስለ ራሴ ከማወራ ስለ ጆኒ ሴይን ባወራ ይሻላል ብዬ መጣሁ። ስሙን የሰማችሁት ጥቂት ሳትሆኑ አትቀሩም። አይገርመኝም። እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ቤዝቦል ሲያዩ ያረጁ ሰዎችም ረስተውታል። የሚያስታውሱትም በተጫዋችነቱ ነው። እኔ ደግሞ የምወደው በአሠልጣኝነቱ ነው። ሰውየው የገባበትን ቡድን ፒቸሮች ያሻሽላል። ከዚያ ከአለቆቹ ጋር ይጣላል። ከዚያ ዕቃውን ሸክፎ ይወጣል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ነው ዛሬ የማወራችሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው አዲስ ለሆነባችሁ፣ ፒቸር ማለት መሀል ካለችው የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን የሚወረውረው ነው። ከመቺው ሳህን የሚለየው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። እሱ ካልወረወረ ጨዋታ የለም። ድሉም ሽንፈቱም በፒቸር ስም ይመዘገባል፤ ቡድኑ ሲሸነፍም መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ልጃችሁ ጉብታዋ ላይ የወጣ ዕለት ሆዳችሁ ለምን እንደሚላወስ አሁን ገባችሁ መሰለኝ።

ሴይን በ1917 አርካንሶ ውስጥ ሃቫና በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ኩባ ያለችው አይደለችም። አባቱ መካኒክ ነበሩ። ከርቭ፣ ማለትም ታጥፋ የምትወርደውን ኳስ፣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጁ የሚያስደነግጥ ፍጥነት አልነበረውም። ስለዚህ ዝቅተኛ ሊጎች ውስጥ ለዓመታት ተንከራተተ። በ1942 ለቦስተን ብሬቭስ ትልቁ ሊግ ሲገባ ዕድሜው 24 ነበር። ወዲያው ጦርነቱ ወሰደው። ባሕር ኃይል ገብቶ አብራሪነት ተማረ፣ ቆይቶም ራሱ የበረራ አስተማሪ ሆነ። ሰውን ማስተማር የጀመረው እዚያ ነው ማለት ይቻላል።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ 20 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ አሸነፈ። በ1948 ብቻ 24 አሸንፏል። ከጀመራቸው ጨዋታዎች 28ቱን ማንም ሳይተካው ራሱ ጨርሷል። ዛሬ አንድ ሙሉ ቡድን በዓመት ያን ያህል አይጨርስም። በዚያው ዓመት የወርልድ ሲሪሱን፣ ማለትም የዓመቱን የዋንጫ ፍልሚያ፣ የመጀመሪያ ጨዋታ ከክሊቭላንዱ ቦብ ፌለር ጋር ተፋጥጦ 1 ለ 0 ረታው። ዋንጫውን ግን ክሊቭላንድ ወሰደው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ ለእኛ። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን ብሩክሊን ኤቤትስ ፊልድ ውስጥ ጥቁሮችን ያገደውን የቀለም አጥር አፍርሶ ትልቁ ሊግ ሲገባ፣ ዱላውን ይዞ ፊቱ የቆመለት ፒቸር ጆኒ ሴይን ነበር። ሮቢንሰን በዚያ ቀን አንድም ኳስ በደንብ መትቶ ቤዝ አልደረሰም። ጨዋታውን ግን ብሩክሊን 5 ለ 3 አሸነፈ። ሴይን ሽንፈቱን ተሸክሞ ወጣ።

በ1951 ብሬቭስ ለኒውዮርክ ያንኪስ ሸጡት። በምትኩ 50 ሺህ ዶላርና ሉ በርዴት የሚባል ወጣት ፒቸር ተቀበሉ። ያንኪሶች ከሴይን ጋር ሦስት ዋንጫ በተከታታይ በሉ። በርዴት ደግሞ በ1957 ተመልሶ እነዚያኑ ያንኪሶች በአንድ ወርልድ ሲሪስ ሦስት ጊዜ አሸነፋቸው። እንግዲህ ማን እንዳተረፈ እናንተ ፍረዱ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሴይን መጫወት ያቆመው በ1955 ነው። በ1961 የያንኪስ የፒቸሮች አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። እዚያ ዋይቲ ፎርድ የሚባል ኮከብ ነበር። ስሙ የገነነ ሰው ነው፤ ግን በአንድ ዓመት 20 ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። የቀድሞው ዋና አሠልጣኝ ለጠንካራ ቡድኖች እያሉ ያስቀምጡት ነበር። ሴይንና አዲሱ ዋና አሠልጣኝ ራልፍ ሃውክ በየአራት ቀኑ ይወርውር አሉ። ፎርድ 25 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ። የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ተብሎ የሳይ ያንግን ሽልማት ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ራልፍ ቴሪ 23፣ ከዚያ ጂም ባውተን 21 አሸነፉ። በየዓመቱ አዲስ ሰው።

ምን አድርጎ ነው? ይህችን እዩዋት። ከወንበር ወንበር እያሳለፋችሁ ተቀባበሏት። ተራ የቤዝቦል ኳስ ናት። መሀሏን በድሪል በስቼ ዘንግ አስገባሁባት። ሴይን እንዲህ ያለ መሣሪያ ነበረው። ፒቸሩ ኳሷን እንደሚወረውር አድርጎ በጣቶቹ ይይዛትና ይጠመዝዛታል፤ ዘንጉ ላይ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች። ቀዩን ስፌት ተመልከቱት። ወደ ፊት ከተሽከረከረ አየሩ ወደ ታች ይጫናታል፣ ኳሷም ትወርዳለች። ወደ ኋላ ከሆነ ቶሎ አትወርድም። ዘንጉን ትንሽ ካጋደላችሁት ወደ ጎን ትሸሻለች። ሜዳ ላይ ይህ ነገር ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይቆይም። እጅ ላይ ግን አውቶቡስ እየጠበቁም፣ ቴሌቪዥን እያዩም መለማመድ ይቻላል። አሠልጣኙ አይጮህም። ተጫዋቹ ስህተቱን በገዛ ዓይኑ ያየዋል።

ሁለተኛው ነገር ሩጫ ነው። በዚያ ዘመን ፒቸርን ማሠልጠን ማለት ሜዳውን ዙር ማስባል ነበር። ሴይን ይህን አልወደደም። ኳስ በእግር አይወረወርም ባይ ነው። ማስተማር የከበደው አሠልጣኝ ነው ሰውን ሲያስሮጥ የሚውለው ብሎ ያምን ነበር። እዚህ ያላችሁ አሠልጣኞች አትቀየሙኝ፤ እኔም አምናለሁ። ልጅ ኳስ ሲስት «ሁለት ዙር!» ማለት ቀላል ነው። ጣቱን አስተካክሎ ማስያዝ ነው ሥራው። በጨዋታዎች መካከል ባሉት ቀናት ሴይን ፒቸሮቹን ለቀቅ ባለ ጉልበት ያስወረውራቸው ነበር።

ሦስተኛው ነገር ነው ከእንጀራው ያጣላው። ሴይን ከተጫዋቹ ጎን ይቆማል። ፒቸሩ የነገረውን ወስዶ ለአለቃ አያቀብልም። ዋናው አሠልጣኝ ፒቸሮቹን ሲያብጠለጥል ይሟገትላቸዋል። ይባስ ብሎ፣ ጥሩ ዓመት ላሳለፈ ልጅ «ቢሮ ግባና ደመወዝ ጨምሩልኝ በል» ብሎ ይመክራል። ያኔ ተጫዋች እንደ ልቡ ቡድን መቀየር አይችልም ነበር። ቢሮ ያሉት ሰዎች ይህን ምክር ምን ያህል እንደወደዱት መገመት አያቅትም።

በ1965 ሚኒሶታ ሄደ። ማድካት ግራንት 21 አሸነፈ፤ ቡድኑም ወርልድ ሲሪስ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት ጂም ካት 25 አሸነፈ። ሴይን ግን ከዋና አሠልጣኙ ሳም ሚሊ ጋር ስላልተስማማ ተሸኘ። ካት ዝም አላለም። ለደጋፊዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ውሳኔውን ተቃወመ። ገና በዚያው ቡድን የሚጫወት፣ ደመወዙም በእነሱ እጅ ያለ ሰው ነው እንዲህ ያደረገው።

ዲትሮይትም ታሪኩ ያው ነው። በ1968 ዴኒ መክሌን 31 ጨዋታ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ 30 የደረሰ ፒቸር የለም። ሚኪ ሎሊች በወርልድ ሲሪሱ ሦስት ጊዜ አሸንፎ ዋንጫውን አመጣ። በዓመቱ፣ ኦገስት ላይ፣ ሴይን ተባረረ። ከዋንጫ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም!

ቀጥሎ ቺካጎ፣ ዋይት ሶክስ። እዚያ ዊልበር ውድን አገኘ። ውድ ኳሷን ሳያሽከረክር የሚወረውር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ውርወራ ክንድን ብዙም አያደክምም። ሴይን ይህን አይቶ በሁለት ቀን ዕረፍት ጭምር አሰለፈው። በ1972 ውድ 49 ጨዋታ ጀመረ። ልብ በሉ፤ ለፎርድ የሠራውን ለውድ አልደገመውም። ሁሉን በአንድ ልክ አይሰፋም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያሠለጠነው አትላንታ ነው። እዚያ ከታችኛው ሊግ ሊዮ ማዞኒ የሚባል ወጣት አሠልጣኝ እግሩ ሥር ተቀምጦ ተማረ። ማዞኒ በ1990 ዋናውን ቡድን ሲይዝ ፒቸሮቹ በሁለት ጨዋታ መካከል አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ቀለል አድርገው እንዲወረውሩ አደረገ። የሴይን ትምህርት ነው። ማደክስ፣ ግላቪንና ስሞልትዝ ከ1991 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት በእሱ ሥር ስድስት ሳይ ያንግ ወሰዱ።

ሴይን በ2006 በ89 ዓመቱ አረፈ። ኩፐርስታውን ያለው የዝና አዳራሽ እስካሁን አላስገባውም። ካት በ2022 ገብቷል። ለእኔ ይህ ትክክል አይደለም፤ የካት መግባት ሳይሆን የሴይን መቅረት።

ከመውረዴ በፊት ግን ለወላጆች አንድ ነገር። እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ጎልማሶች ነው። «ሴይን ብዙ ወርውሩ ብሏል» ብላችሁ የ10 ዓመት ልጅ ክንድ እንዳትጨርሱብኝ! ትልቁ ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር ያወጡት ገደብ አለ። ከ9 እስከ 10 ዓመት ላሉ በቀን ከ75 ውርወራ አይበልጥም፤ ከ11 እስከ 12 ላሉ 85። ስንት እንደወረወረም ታይቶ የዕረፍት ቀን ይሰጠዋል። አሠልጣኙ ጨዋታውን እያየ መቁጠር ያቅተዋል። ስለዚህ በየቡድኑ አንድ እናት ወይም አባት ቆጣሪ እንዲሆን እንፈልጋለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስትወጡ በሩ ላይ ባለው ወረቀት ስማችሁን ጻፉልን። ኳሷንም መልሱልኝ፤ ሌላ የለኝም። አመሰግናለሁ።