ሚስ፣ ረግጣለች!

ሰላም ናችሁ? እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። አንድ ነገር ውስጤን ሲበላኝ ስለሰነበተ ብቻዬን ልቀመጥ ብዬ ነው።

የልጅነት ጨዋታችንን፣ ሰኞ ማክሰኞን፣ ለልጄ አስተምራታለሁ ብያችሁ ነበር አይደል? «ሱዚስ?» «ቅልልቦሽስ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ አንብቤዋለሁ። እንግዲህ አስተማርኳት። የብሎካችን ልጆችም ወረዱ። መጀመሪያ መሬቱ አስቸገረን። ኮብልስቶን ላይ የጠመኔ መስመር ቀጥ አይልም፣ ጠጠሩም ወይ ይነጥራል ወይ ድንጋዮቹ መሀል ይሰነቀራል። እኛ ካዛንቺስ አፈር ላይ በእንጨት ጫር ጫር ነበር፣ በቃ። ብቻ ደረጃው ሥር ሊሾ የሆነች ቦታ አገኘንና እዚያ አሰመርኩላቸው።

ደስ ይል ነበር፣ በጣም። ልጄ ምላሷን ወጣ አድርጋ በአንድ እግሯ እንጣጥ እንጣጥ ስትል ልቤ ሊፈነዳ ነበር። ከዚያ ሐሙስ ላይ ስትደርስ አንዱ የጎረቤት ልጅ ጮኸ። «ሚስ፣ ረግጣለች!»

ሚስ ያለው እኔን ነው።

ሁሉም ዝም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ልጄም ጭምር፣ አንድ እግሯ እንደተንጠለጠለ። እኔ መስመሩን አላየሁም፣ የማየው ፊቷን ነበር። «እናንተው ተነጋገሩ» አልኳቸው። አልተነጋገሩም። ጠበቁኝ። ጠብቀው ጠብቀው አንዷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ ሌላው ወደ ቤቱ ወጣ፣ ጨዋታውም በዚያው ቀረ። ልጄ እግሯን ስታወርድ «እማዬ፣ ረግጫለሁ እንዴ?» አለችኝ። እሷ ራሷ እኮ ታውቃለች! እግሩ የእሷ ነው! ለምንድነው እኔን የምትጠይቀኝ?

ይቺን ጥያቄ ማታም ሳስባት ነበር፣ አሁንም እያሰብኳት ነው።

በእኛ ጊዜ ጭቅጭቁ ራሱ የጨዋታው ግማሽ ነበር። «ረግጠሻል!» «አልረገጥኩም!» «እስቲ እናቴ ትሙት በይ!» እናቷን የምትገድል ካለች ታለፈች፣ ካመነታች ወጣች። የሱዚዋ ባለቤት ካኮረፈች ደግሞ ሱዚዋን ጠቅልላ ልትሄድ ስትል ሁላችንም ተከትለን ልመና ነው። ትልቅ ሰው የሚባል አጠገባችን አይደርስም። እናቴ የሱዚን ሕግ የምታውቅ አይመስለኝም። ያስተማሩን ትልልቆቹ ልጆች ናቸው፤ ማስተማርም ከተባለ። ላስቲኩን ቁርጭምጭሚታችን ላይ አድርገን ተገትረን እንውላለን፣ እነሱ ይዘላሉ። ላስቲኩ ወደ ጉልበት ከፍ ሲል፣ ወደ ወገብ ሲወጣ እያየን ነው የለመድነው። ተራ የሚደርሰን ሲመሽና እነሱ ሲደክማቸው ነው።

ወንድሜ ደግሞ ከግሮሰሪ በር ላይ ቆርኪ ለቅሞ በድንጋይ ይደፈጥጣል፣ በሚስማር ሁለት ቦታ ይበሳውና ክር ያስገባበታል። ሲስበው እንዴት እንደሚጮህ! ያ ድምፅ... ግቢያችን አሁን የለም፣ ታውቃላችሁ። ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ አብሮ ሄደ። እሱን ዛሬ አላነሳውም፣ ይቅር።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ። ባለቤቴ «ተያቸው፣ በረንዳ ላይ ሆነሽ እያቸው» ይለኛል። መኪናውስ? የብሎካችንን ፓርኪንግ የማያውቅ አድማጭ የለኝም፣ ልጅ መሀሉ ቢሮጥ ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና አያየውም። ስለዚህ አጠገባቸው እቆማለሁ። አጠገባቸው ስቆም ደግሞ ሚስ እሆናለሁ። ምናልባት... አይ፣ ምናልባት እሱም አይደለም። ምናልባት ልጄ የምትጫወተው እኔን ደስ እንዲለኝ ብላ ይሆን? ይቺኛዋ ናት በጣም የምታስፈራኝ።

አራተኛ ፎቅ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ አለች፣ ቀልጣፋ ናት፣ ትንንሾቹ ይወዷታል። ለእሷ አሳይቻት እኔ ዞር ብል እላለሁ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቶሪያል አላት። እሁድ ልጠይቃት? እሷን ነው የምጠይቀው ወይስ እናቷን? እናቷን ከጠየቅኩ ደግሞ ተመልሶ የትልቅ ሰው ፕሮግራም ሆነ ማለት ነው፣ ልጅቷም የምትወርደው ታዝዛ ነው፣ እንደዚያ ከሆነ ደግሞ... እንጃ። እናንተ ሰፈር ያሉ ትልልቅ ልጆች ለመሆኑ ውጪ ይወጣሉ?